ጨዋነት በጥበቃ ዓይን አይለካም፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ለምትገኙ የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣ ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ያገባናል ለምትሉ ነዋሪዎች ሁሉ፤

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ በደሴ ከተማ በሴቶች ልብስ ስፌት ቤተሰቤን የማስተዳድር ሴት ነኝ። የምጽፍላችሁ በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ ተለጥፎ ስለማየው፣ «ሥርዓት የጎደለው አለባበስ ለብሶ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ስለሚለው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ምን እንደከለከለ አይናገርም። ልክ አይጠቅስም፤ ሠራተኛውን ይሁን ባለጉዳዩን እንደሚመለከት አይገልጽም፤ ማን እንደሚፈርድም አይጠቁምም። በተግባር የሚፈርደው በር ላይ የቆመው ጥበቃ ነው፤ የሚፈረድባት ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሴት ናት። ይህ አሠራር እንዲቀየር እጠይቃለሁ።

ማንም በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳኝ አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ገላ የሚያጋልጥ ልብስ በሥራ ቦታ ይለበስ ብዬ ለመከራከር አልተነሣሁም። ከወረኢሉ ወይም ከኩታበር ጉዳይ ይዞ የመጣ ሽማግሌ፣ ፋይሉን የምታይለት ሠራተኛ ፊት ቆሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት እስኪያጣ ድረስ መሳቀቅ የለበትም። አንገትጌው በጣም የተከፈተ ሸሚዝ ለቢሮ ስፊልኝ ብላ የምትመጣ ደንበኛዬን፣ ይህ ለሠርግ ይሁንልሽ፣ ለቢሮው ግን ትንሽ ከፍ ላድርገው እላታለሁ፤ አብዛኞቹም እሺ ይላሉ። የሕዝብ አገልጋይ ሕዝቡን የሚያከብር ልብስ ሊለብስ ይገባል። ልጆቼንም ያሳደግኋቸው በዚሁ ነው። ጨዋ አለባበስን የምወድ ሴት በመሆኔ ነው በስሙ የሚፈጸመው ነገር የሚያንገበግበኝ።

አንዲት ደንበኛዬ፣ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች ወጣት፣ ለሥራ ውድድር የምታቀርበውን ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች። የለበሰችው ጉርድ ቆማ ስትታይ ጉልበቷን ይሸፍናል። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አይቷት ሲያበቃ «ቀይረሽ ነይ» አላት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ እግሯን ተመለከተ። ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚመሳሰል ጨርቅ ፈልጌ፣ ከጠርዙ ቀጥዬ እስክዘመዝምላት የሥራ ሰዓት አለቀ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ያ ነበርና ሳትመዘገብ ቀረች።

ብዙም ሳይቆይ ኒቃብ የምትለብስ ሌላ ደንበኛዬ ከሌላ መሥሪያ ቤት እያለቀሰች መጣች። እርሷን ያሏት «ተገለጪ» ነው። ማንነቷ እንዲረጋገጥ አልተቃወመችም፤ አንዲት ሴት ሠራተኛ ወደ ጎን ወስዳ ታረጋግጥ ብላ ነበር የለመነችው። እምቢ ተባለች። እንግዲህ አንዷን ሸፍኚ፣ ሌላዋን ግለጪ ማለት ነው። ሁለቱም የተነገራቸው በማያውቁት ወንድ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ተብሎ ነው። ጨዋነትን እናስከብራለን በተባለበት በር ላይ የሁለት ጨዋ ሴቶች ክብር ተነካ። ከሁለቱ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም ናቸው፤ በወሎ ምድር የአንዷን ብቻ በደል ነጥሎ መጻፍ አልችልም።

ስለ ርዝመት ከሙያዬ ልናገር፤ ማስታወቂያውን የጻፉት ሰዎች ልብስ በሰው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያሰቡበት አይመስለኝም። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጉርድ አጭር ሴት ስትለብሰው ጉልበቷን አልፎ ይወርዳል፤ ረጅሟ ስትለብሰው ከጉልበቷ በላይ ይቀራል። ዳሌዋ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ሽቅብ ይሳባል። ለዚህ ነው የሚያውቅ ልብስ ሰፊ፣ ዳሌዋ ሰፋ ላለ ሴት ከኋላ በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚጨምረው። ተሰፍቶ የመጣ ልብስ ይህ ጭማሪ የለውም። ስትቀመጥ ጠርዙ ወደ ላይ ይሸሻል። ስንጥቅ ከሌለው ዳገት ስትወጣ በእጇ ሰብሰብ ማድረግ ይኖርባታል፤ ደሴ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተንጠለጠለች የዳገት ከተማ ናት፤ ሜዳዋን ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ያስቸግራል። ስንጥቅ ካለው «እግሯ ታየ» ትባላለች። ታዲያ ጥበቃው ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ፣ በዓይኑ ብቻ እንዴት ሊመዝነው ይችላል?

ከርዝመት በላይ ግን የሚያሳዝነኝ የሰውነት ነገር ነው። ለሁለት እህትማማቾች ከአንድ ጣቃ፣ በአንድ ዓይነት ቅድ፣ በየልካቸው ሸሚዝ ሰፍቼላቸዋለሁ። ሁለቱም ቢሮ ይሠራሉ። ቀጭኗን ማንም ምንም አላላትም። ደረቷ ሞላ ያለውን ታናሽዋን ግን አለቃዋ ጠርቶ «አለባበስሽን አስተካክይ» አላት። አንገትጌው ያው ነው፤ እጅጌው ያው ነው፤ ቁልፉ ያው ነው። የተወቀሰችው በሰውነቷ ነው፤ ሰውነቷን ደግሞ እኔም ሆንኩ ሌላ ልብስ ሰፊ አሳጥረን ወይም አስፍተን ልንሰጣት አንችልም። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ በኮምቦልቻ ሙቀት ሳይቀር ከላይ ወፍራም ሹራብ ደርባ ትውላለች። ሰውነታቸው ሞላ ያለ ሴቶች ምን ያህል እንደሚሸማቀቁ የምናውቀው ልካቸውን የምንወስድ ነን። ብዙዎቹ ሜትሩ ደረታቸው ላይ ሲያልፍ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ይቅርታ የሚጠየቅበት ምን አለ?

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። አንዲት ጀማሪ ሠራተኛ የምትለብሰውን ሁልጊዜ መርጣ አይደለም። ብትን ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት ውድ ሆኗል። ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ዚፑና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከደመወዟ ብዙውን ይወስዳል። ስለዚህ ወደ ልባሽ ጨርቅ፣ ሳልቫጅ ወደምንለው ትሄዳለች። ያ ልብስ የተሰፋው ለሌላ አገር አየርና ለሌላ ሰው ቁመና ነው። ወይ እጅጌ የለውም፣ ወይ ወገቡ ይጠባል፣ ወይ ጨርቁ ስስ ሆኖ ገበር አልገባበትም። ገበር የሌለው ስስ ቀሚስ ጠባብ በሆነች የኪራይ ክፍል ውስጥ በደብዛዛ አምፖል ሲታይ ምንም አይልም፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው የሚያሳየው። ለባሽዋ ይህን የምታውቀው ሌላ ሰው ሲነግራት ነው። እንዲህ ያለውን ልብስ ይዛ ብትመጣ ገበር ማስገባት፣ ጎኑን መልቀቅ፣ ጠርዙን ማውረድ ይቻላል፤ ዋጋውም እንደ አዲስ አይከብድም። አንዲት ታላቅ ባልደረባ በእህትነት ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ከኋላሽ ብርሃን ሲያርፍብሽ ያሳያልና ገበር አስገቢበት» ብትላት ነገሩ በዚያው ያልቃል። በር ላይ ማዋረድ ምን ይጨምራል?

አየሩም ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ማለዳ ከደሴ ሹራብና ነጠላ ደርባ የተነሣች ሠራተኛ የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ ክንዷ ላይ ታንጠለጥላለች። በአንዱ ከተማ ልክ የሆነው በሌላው ያፍናል። የደንብ ልብስ ሲገዛ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወፍራም ጨርቅ ሲታዘዝ አይቻለሁ።

ከዚህ አንጻር ፋብሪካዎች የተሻለ ነገር ሊያስተምሩን ይችላሉ። በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ የቆየ ነው፤ በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በልብስ ስፌት ተሰማርተዋል። በማሽን አጠገብ የአለባበስ ደንብ የግድ ያስፈልጋል። የሚሽከረከር ነገር የነጠላ ዘርፍ፣ የሻሽ ጫፍ ወይም የተፈታ ጸጉር ሊጠመጥም ይችላል። ስለዚህ ሻሽ ከኋላ ይታሰር፣ ሂጃብ ጫፉ ገዋን ውስጥ ይግባ፣ ጸጉር ይሸፈን ሲባል ምክንያቱ ለሁሉም ግልጽ ነው። የምታማትበውም የምትሰግደውም እኩል ትቀበለዋለች፤ ወንዱም የሸሚዙን እጅጌ ይሰበስባል። ደንብ ማለት እንዲህ ነው፤ ምክንያቱ የታወቀ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ፣ አለቃውም የማያልፈው።

ግን ያው ገዋን ከፋብሪካው ግቢ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ተመልከቱ። የምሽት ፈረቃ ጨርሰው በጋራ ወደተከራዩት ክፍል የሚሄዱ ልጆች ብዙ ጊዜ ገዋናቸውን እንደለበሱ ነው። ገዋን ከአንገት እስከ ጉልበት ይሸፍናል፤ ከሥሩም ሱሪ አለ። ይለከፋሉ። እጃቸው ይጎተታል። የሚከተላቸው ሰው እንዳለ እያወቁ ቤታቸውን ላለማሳየት ሌላ መንገድ ዞረው የሚሄዱ አሉ። ጂልባብ የምትለብስ ደንበኛዬም ትለከፋለች፤ ጉርድ የምትለብሰውም ትለከፋለች። የሁለቱንም ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለካፊን የሚመልስ ርዝመት ግን እስካሁን አላገኘሁም። ለከፋ የሚመነጨው ከቀሚስ ቢሆን ኖሮ ቀሚስ በማስረዘም ይቆም ነበር።

ደግሞም የራሳችንን ባህል በደንብ እናስታውስ። በዚሁ በወሎ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በገበያ መካከል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እናት ጡቷን አውጥታ ልጇን ታጠባለች። ማንም ነውር አይለውም። ወንዱ ዓይኑን ዞር አድርጎ ወሬውን ይቀጥላል። በባቲ የሰኞ ገበያ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበያተኛ ይገናኛል፤ የቆላው ሰው ለቆላ ሙቀት የሚስማማውን፣ ደገኛው ለብርዱ የሚሆነውን ለብሶ ይገበያያል እንጂ አንዱ ሌላውን በልብሱ ምክንያት ከገበያ አያስወጣም። ዓይኑን መግዛት የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ለምታጠባ እናት የምንሰጠውን ክብር ለምትሠራ ሴት የማንሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? ክንዷ ለታየ የሂሳብ ሠራተኛ ሲሆን ይህ ዓይነቱ አስተዳደግ የት ይገባል?

ሃይማኖትን የሚጠቅሱብኝ ብዙ ናቸውና እኔም ልጥቀስ። በቁርኣን የአን-ኑር ምዕራፍ 30ኛ አንቀጽ ምእመናን ወንዶች ዓይናቸውን እንዲሰብሩና ብልታቸውን እንዲጠብቁ ያዛል፤ ስለ ሴቶች መሸፈን የሚናገረው 31ኛው አንቀጽ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 28 ሴትን በምኞት የተመለከተ በልቡ እንዳመነዘረ ይነገራል፤ በቀጣዩ ቁጥር ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት ተብሎ የታዘዘው ተመልካቹ ነው። ሁለቱም እምነቶች ሴቷ በልከኝነት እንድትለብስ ማስተማራቸውን አልክድም፤ እኔም የምኖረው በዚሁ ትምህርት ነው። በስብከቱም በዳዕዋውም የምንሰማው ግን ለሴቷ የተነገረውን ነው፤ ለወንዱ የተነገረው ሲነበብ ስንቴ ሰማን? ካህናቱና ሼኾቹ ይህን ቢያስተምሩልን ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይደመጣሉ።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 በአዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት የተማሪዎችን ተቃውሞ ቀስቅሶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር። ለአገር ለውጥ የተነሡ ወጣቶች እንኳ ከባዕድ ባህል ጋር የሚያደርጉትን ትግል በሴት ቀሚስ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥታት አየን፤ ቀሚሱ ላይ ያለው ጣት ግን አልተነሣም።

በአደባባይ ስለሚታይ ገላ ከተነሣ ደግሞ ወንዶችንም እናንሣ። በጠራራ ፀሐይ አጥር ሥር ቆመው የሚሸኑ ወንዶችን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየመንገዱ ያያሉ። ሴቶች ልጆቼ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ያልፋሉ። በአደባባይ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ሱሪውን ከዳሌው በታች አውርዶ የውስጥ ልብሱን የሚያሳየውን ወጣት ወይም ሸሚዙን እስከ ሆዱ ከፍቶ ቢሮ የሚቀመጠውን ሰው በር ላይ መልሰው የሰደዱበትን ጊዜ አላየሁም። ጨዋነት የሁሉም ግዴታ ከሆነ ማስታወቂያው ለሁሉም ይሥራ።

ሕጉንም አንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጾታዊ ትንኮሳን ሲተረጉም ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ አኳኋን ለወሲብ ማግባባትን ይመለከታል። በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለ ተጎጂዋ አለባበስ አንድም ቃል የለም። ድርጊቱን የፈጸመባት አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችልም ሕጉ ደንግጓል። በተግባር ግን አንዲት ሴት አቤት ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ለብሰሽ ነበር?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሰሙ ደንበኞቼ ዳግመኛ አቤት አላሉም። በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ለዚህ ጥያቄ መንገድ ይጠርጋል፤ ለካፊው አስቀድሞ ጥፋተኛ የተባለችውን ሴት እንዳገኘ ይቆጥረዋል።

«ገላ የሚያሳይ ልብስ የባልደረቦችን ትኩረት ይበትናል» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። በልብስ ምክንያት ሥራ መሥራት ያቃተው ሠራተኛ ካለ በቅድሚያ ሊነገረው የሚገባው እርሱ ነው። የልጅቱ ልብስ በእርግጥ ከልክ ያለፈ ከሆነም የቅርብ ኃላፊዋ፣ ቢቻል ሴት የሆነች፣ በር ዘግታ በጨዋ ቋንቋ ትንገራት። ሁለቱም ይቻላል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በቅድሚያ ባለጉዳይንና ሠራተኛን ለዩ። ግብር ሊከፍል፣ መታወቂያ ሊያወጣ፣ ሊታከም የመጣ ሰው በልብሱ ምክንያት ከበር አይመለስ፤ አገልግሎት መብቱ ነው፤ የጥበቃው ሥራም ፍተሻ እንጂ የቀሚስ ዳኝነት አይሁን። ለሠራተኛ ደንብ ካስፈለገ በጽሑፍ ይሁን፤ ሴቶች ሠራተኞች በተቀመጡበት ውይይት ይረቀቅ፤ ጉርዱ እስከ ጉልበት ወይም ከዚያ በታች፣ ጨርቁ የማያሳይ፣ አንገትጌው እስከዚህ ብሎ ይዘርዝር፤ የወንዶቹንም እንዲሁ። የደንብ ልብስ ስታስለብሱ በጊዜው ስጡ፤ ጨርቁን ለየከተማው አየር ምረጡ፤ ሱሪ የምትፈልገውም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ የምትፈልገውም የምትመርጥበት ቅድ ይኑር። ይህ የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ ከአንድ ጨርቅ ሦስት ዓይነት ቅድ ማውጣት በደሴ የሚገኝ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይችላል። ኒቃብ ለምትለብስ ባለጉዳይ ማንነቷን የምታረጋግጥ ሴት ሠራተኛና መጋረጃ ያለው ጥግ አዘጋጁላት።

ፋብሪካዎች ደግሞ የምሽት ፈረቃ ሠራተኞችን እስከ ሰፈራቸው የሚያደርስ ሰርቪስ አቅርቡ፤ አስተዳደሮቹ ልጆቹ በሚያልፉባቸው መንገዶች ላይ መብራት አስገቡ። የአለባበስ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ቦታ ሁሉ በዚያው መጠን በተጻፈ ፊደል፣ ጾታዊ ትንኮሳ የተከለከለ መሆኑን፣ አቤቱታ የሚቀበለው ማን እንደሆነና የክፍሉን ቁጥር የሚገልጽ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፍ። አቤቱታ ተቀባዩም ስለ ልብስ እንዳይጠይቅ ይታዘዝ።

ደንቡ ሲረቀቅ ስለ ልክ፣ ስለ ጨርቅና ስለ ስፌት ዋጋ ከሙያዬ የሚጠየቅ ነገር ካለ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ፤ ከእኔ ጋር ለመምጣት ቃል የገቡ ሌሎች ልብስ ሰፊዎችም አሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የደሴ ልብስ ሰፊ